የመኸር እህል መሸፈኛ ሸራን በሚለጠጥ አውታር ወጥሮ ስለ ማቆየት

ለአስተዳዳሪዎች፥ ለባለ እርሻዎችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበት እህል በእርግጥ የእርሱ የሚሆነው በታጨደ ጊዜ አይደለም፤ ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራ በገባ ጊዜ ነው። በማጭድና በጎተራ መካከል ያለው ዘመን ጥቂት ሳምንት ቢሆንም አደጋው ከክረምቱ ሁሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ቆሞ ያለ እህል ዝናብ ቢመታው ፀሐይና ነፋስ መልሰው ያደርቁታል። ታጭዶ የተከመረ እህል ግን ውሃ ከገባበት ከውስጡ ይሞቃል፥ ይሻግታል፥ ፍሬውም በነዶው ላይ ሳለ ይበቅላል። ይህም ሲሆን የሚጠፋው የዓመቱ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ለመጪው ዓመት የታሰበው ዘርም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ነገር በአገራችን ደጋግሞ የታየ ነው። በ1990 ዓ. ም. በጥቅምትና በኅዳር፥ ደግሞም በ2012 ዓ. ም. በመኸር ወራት፥ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በብዙ ስፍራ ወርዶ የደረሰውን እህል ጎድቷል። በሁለቱም ዓመታት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቃዊው ይልቅ ሞቆ ነበርና፥ ከዚያ የተነሣው እርጥብ አየር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አብዝቶ ነፈሰ። እንዲህ ያለው ዘመን ተመልሶ እንደሚመጣ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሹም የሆነ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ለዚህ የታወቀው መፍትሔ ሸራ ነው። ነገር ግን ሸራ መግዛትና እህል መሸፈን አንድ አይደሉም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሸራ በአንድ ሌሊት ነፋስ ተቀድዶ ሲገኝ፥ ጥፋቱ በሸራው ላይ ይደረጋል፤ ሸራው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ስለ ረገበ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሸራን በሚለጠጥ አውታር ወጥሮ ስለ ማቆየት፥ ይህንም አውታር በጥቂት ወጪ ስለ ማዘጋጀት፥ ከሹማምንትም ምን እንደሚጠበቅ በየተራው እንገልጻለን።

1ኛ. ሸራ ስለ ምን ይረግባል፥ ረግቦስ ምን ይሆናል

ሸራን የሚያጠፉ ሁለት ጠላቶች አሉ፤ ነፋስና ውሃ። ሁለቱም ኃይላቸው የሚበረታው ሸራው በረገበ ጊዜ ነው።

የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በደጋ አገር በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ያህል ይጫናል። ፍጥነቱ 72 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ጭነቱ ወደ 20 ኪሎ ይደርሳል። እንግዲህ ወርዱ 4፥ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ሸራ ይህ ነፋስ በፊቱ ቢያገኘው፥ 4 ኩንታል የሚያህል ጭነት በአውታሮቹና በካስማዎቹ ላይ ይወድቃል። የተወጠረ ሸራ ይህን ጭነት በእኩልነት ለሁሉም አውታር ያካፍላል። የረገበው ግን ይነፋል፥ መልሶም ይወድቃል፤ በተነፋና በወደቀ ቍጥር ገመዱን በድንገት ይነጥቃል። ቀዳዳውን የሚሰነጥቀው፥ ካስማውንም የሚነቅለው ይህ ንጥቂያ ነው።

ውሃም እንዲሁ ነው። ሸራው በረገበበት ስፍራ ጕድጓድ ይሆናል፥ ዝናቡም በዚያ ይጠራቀማል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት፥ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ቋት 100 ሊትር ይይዛል፤ ይህም 100 ኪሎ ክብደት ነው። ክብደቱ ሸራውን ይበልጥ ያጐደጕደዋል፥ የጐደጐደውም ተጨማሪ ውሃ ይቀበላል፤ በመጨረሻም ወይ ሸራው ይቀደዳል፥ ወይ ምሰሶው ይሰበራል፥ ውሃውም ሁሉ በአንድ ጊዜ በእህሉ ላይ ይገለበጣል።

ሠራተኛው ማታ አጥብቆ ያሰረው ሸራ ጧት ረግቦ ቢገኝ፥ ሁልጊዜ ስንፍና ነው ማለት አይቻልም። ነገሩ ከገመዱ ጠባይ ይመጣል። ከቃጫ ወይም ከጥጥ የተገመደ ገመድ ሲረጥብ ጭረቱ ይወፍራል፥ ርዝመቱም ያጥራል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይረግባል። ስለዚህ በደረቅ ቀን አጥብቀው የወጠሩት የቃጫ አውታር ዝናብ ሲመታው ካስማውን እስኪነቅል ይሳባል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይላላል። የጠፍር ጠባይ የዚህ ተቃራኒ መሆኑን ገበሬው ሁሉ ያውቃል፤ ጠፍር ሲረጥብ ይለሰልሳል፥ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል። የናይሎን ገመድም ሲረጥብ ጥቂት ይረዝማል። የላስቲክ ሸራ ደግሞ ውሃ ባይጠጣም ቀን በፀሐይ ሙቀት ይሰፋል፥ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል። እንዲህ ሁሉ ሲሆን፥ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በአውታሩ ዘንድ ቆሞ ሲያጠብቅና ሲያላላ ካላደረ በቀር፥ በማይለጠጥ ገመድ ብቻ ሸራን ሁልጊዜ ተወጥሮ ማቆየት አይቻልም።

2ኛ. የሚለጠጥ አውታር ምን እንደ ሆነ

የሚለጠጥ አውታር ማለት በሳቡት ጊዜ የሚረዝም፥ በለቀቁት ጊዜ ወደ ቀድሞ ልኩ የሚመለስ ማሰሪያ ነው። ኃይልን ተቀብሎ የሚመልስ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጥጥ መንደፊያው ደጋን የሚሠራው በዚሁ ጠባይ ነው። በአውታሩ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ጎማ ነው።

ጎማ ቀድሞ የሚገኘው ከጎማ ዛፍ ከሚፈስ ወተት መሰል ፈሳሽ ነበር። ያልተሠራበት ጎማ በሙቀት ይጣበቃል፥ በብርድ ይደርቃልና ለብዙ ሥራ አይመችም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓ. ም. ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ቢያሞቀው ጠንካራና ሁልጊዜ የሚለጠጥ እንደሚሆን አገኘ። በ1937 ደግሞ በዚያው አገር ቡቲል የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ተገኘ። ቡቲል አየርን አጥብቆ የሚይዝ ስለ ሆነ ለመኪና የውስጥ ጎማ የሚመረጥ ሆነ፤ ፀሐይንና የአየርን ጠባይም ከዛፍ ጎማ ይልቅ ይታገሣል። ይህ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተበስቶ የተጣለ የውስጥ ጎማ ለአውታር ሥራ ገና ብዙ ዕድሜ አለውና።

በፋብሪካ የተሠራው የሚለጠጥ ገመድ መካከሉ ብዙ ቀጫጭን የጎማ ክሮች ሲሆኑ፥ ዙሪያውን በናይሎን ወይም በሌላ ክር የተጐነጐነ ልብስ ይሸፍነዋል። ልብሱ ጎማውን ከፀሐይ ይጠብቀዋል፥ ከልክ በላይም እንዳይለጠጥ ያግደዋል። ይህ ዓይነት በከተማ ሱቅ ይገኛል፤ ነገር ግን ለብዙ ገበሬ ለማዳረስ ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች ያለውን መንገድ እንመክራለን።

የሚለጠጠው አውታር ሦስት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ፥ ገመዱ ወይም ሸራው ሲላላ ልልቱን እየሰበሰበ ይወጥረዋል። ሁለተኛ፥ ገመዱ በእርጥበት ሲያጥር እርሱ እየረዘመ ካስማውንና ቀዳዳውን ያድናል። ሦስተኛ፥ ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ንጥቂያውን በዝግታ ተቀብሎ ኃይሉን ያበርደዋል።

3ኛ. ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ስለ ማዘጋጀት

ጎማ ጠጋኝ ባለበት ከተማ ሁሉ የተጣለ የውስጥ ጎማ አይጠፋም። ለአውታር የሚሆነውን ለመምረጥ በእጅ ለጥጦ በብርሃን ማየት ነው፤ ሲለጠጥ ደቃቅ ስንጥቅ የሚታይበት፥ ወይም ዘይትና ነዳጅ የነካው ይጣል። ዘይት ጎማን ያሳብጠዋል፥ ያለሰልሰዋልም።

አቆራረጡ ሁለት ዓይነት ነው። ጎማውን አግድም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ወርድ እያደረጉ ቢቈርጡት ክብ ቀለበቶች ይወጣሉ፤ እነዚህ አንዱን በአንዱ እያሾለኩ ያለ ቋጠሮ ይቀጣጠላሉ። በጥምዝ ዙሪያውን እየተከተሉ ቢቈርጡት ደግሞ ረጅም ጥብጣብ ይወጣል። በሁለቱም ቢላዋው ስለታም ይሁን። ጠርዙ ላይ የቀረ ጥቂት ጥርስ ወይም ጭረት ሲለጠጥ የመቀደድ መነሻ ይሆናልና፥ ጠርዙ የተበላሸውን ለሌላ ሥራ መተው ይሻላል።

የተዘጋጀው ጎማ ከመታሰሩ በፊት ይፈተን። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን እስከ ግማሹ ውሃ ቢጨምሩ 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን በጎማው አንጠልጥሎ ማሳደር ነው። ጧት ሲያወርዱት ወደ ቀድሞ ልኩ የሚቀርብ ከሆነ ደኅና ነው፤ ረዝሞ የቀረ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ አይረባም።

4ኛ. የአተካከሉ ሥርዓት

ሀ. ስፍራው። አውድማው ወይም ክምሩ ውሃ ከማያቁርበት ከፍ ካለ ቦታ ይሁን፤ ክምሩ በድንጋይና በእንጨት መደብ ላይ ይቁም፥ በዙሪያውም ቦይ ይቈፈር። ከላይ የተወጠረ ሸራ ከታች የሚመጣውን ጎርፍ አይመልስም።

ለ. ምሰሶውና የመካከሉ ገመድ። ሁለት ምሰሶ ተተክሎ በመካከላቸው አግዳሚ እንጨት ወይም ጠንካራ ገመድ ይዘረጋል። ይህ የመካከል ገመድና የምሰሶዎቹ መወጠሪያ የማይለጠጥ ይሁን። የሸራው ሸክም ሁሉ የሚያርፍበት አጥንት ነውና፥ አጥንት ሊለጠጥ አይገባም። ጣራው ውሃ እንዲያፈስስ፥ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 3 ሜትር ወርድ ቢኖር ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅታ ይኑረው። ዝቅተኛው ወገን ነፋስ በሚበዛበት አቅጣጫ ይዙር።

ሐ. ቀዳዳ የሌለው ሸራ። ሸራውን በቢላዋ መብሳት ጥፋት ነው። ይልቁንም ዕንቍላል የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ ከሸራው ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ጋት ያህል አግብቶ፥ ሸራውን በላዩ ጠቅልሎ አንገቱን በገመድ ማሰር ይበቃል። ድንጋዩ እንደ ቍልፍ ሆኖ ገመዱ እንዳይሾልክ ይይዛል፥ ሸራውም አይቀደድም።

መ. አውታሩና መጠባበቂያው። ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው። ጎማን ብቻውን በሸራና በካስማ መካከል ማሰር አይገባም፤ ጎማው ቢበጠስ ሸራው ይለቀቃልና። ከሸራው እስከ ካስማው የሚደርስ ሙሉ ገመድ ይታሰር። በገመዱ ላይ እርስ በርሳቸው በ35 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት የማይፈቱ ቀለበቶች ይቋጠሩ። በእነዚህ ቀለበቶች መካከል፥ ሳይለጠጥ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ይታሰር። ጎማው አጭር ስለ ሆነ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ገመድ ልል ሆኖ ይንጠለጠላል። እንግዲህ አውታሩን ሲወጥሩ ጎማው 27 ወይም 28 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ብቻ ይሳብ። እንዲህ ከሆነ ለመሰብሰብም ለመርዘምም ስፍራ ይኖረዋል። ብርቱ ነፋስ ቢመጣ ጎማው እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙን ገመዱ ይረከባል። ጎማው ቢበጠስ እንኳ ሸራው ከገመዱ አይለይም። መለኪያ በሌለበት፥ አንድ ስንዝር የነበረው ጎማ ስንዝር ተኩል እስኪጠጋ ቢሳብ ይበቃል።

ሠ. ብዛቱ። 4 በ5 ሜትር ለሆነ ሸራ በአራቱ ማዕዘን አራት፥ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ደግሞ በየጎኑ ሦስት፥ በጠቅላላው አሥር አውታር ይደረግ። ጥቂት አውታር አጥብቆ ከመሳብ ይልቅ ብዙ አውታር በመጠኑ መሳብ ይሻላል።

ረ. ካስማው። ካስማ ራሱ ከሸራው ወደ ውጭ ያዘነበለ ሆኖ ይተከል፥ አውታሩም ከመሬቱ አጠገብ ይታሰርበት። በመረሬ አፈር ካስማ ሲረጥብ በቀላሉ ይነቀላልና፥ በዚያ አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት አግድም በጕድጓድ ቀብሮ፥ አውታሩን በመካከሉ ማሰርና አፈሩን መጠቅጠቅ ይገባል።

ሰ. ጎማ ያልተገኘ እንደ ሆነ። አውታሩን በባላ ላይ አሳልፎ፥ በጫፉ ከ5 እስከ 10 ኪሎ አፈር ወይም ድንጋይ የተሞላ ከረጢት ከመሬት ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ነው። ገመዱ ቢያጥር ከረጢቱ ይወጣል፥ ቢረዝም ይወርዳል፤ ሸራው ግን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ተወጥሮ ይኖራል።

ይህ ሥርዓት ለአውድማ ብቻ አይደለም። ክትባት ለሚሰጡ፥ ለመሬት ቀያሾች፥ ለተፈናቀሉ ወገኖች የሚተከል ዳስና ድንኳንም በዚሁ መንገድ ቢወጠር ዕድሜው ይረዝማል።

5ኛ. ጥንቃቄ

የተለጠጠ ጎማ የተሳበ ቀስት ማለት ነው። ጫፉ የብረት መንጠቆ ያለው የሱቅ ገመድ ሲያመልጥ ዐይን ያጠፋል። ስለዚህ በመንጠቆ ፈንታ ቋጠሮ ወይም አጭር የእንጨት ሽብልቅ መጠቀም ይሻላል፤ የሚያስረውም ሰው ከአውታሩ ጎን ይቁም እንጂ ፊቱን በአውታሩ ትይዩ አያድርግ።

ጎማን የፀሐይ ብርሃን ያደርቀዋል፥ ይሰነጥቀዋልም። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ አውታሩ ሳይለጠጥ ተጠቅልሎ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ሸራውም ታጥቦ፥ ፈጽሞ ደርቆ፥ አይጥ በማይደርስበት ይሰቀል።

የጎማና የላስቲክ ቍራጭ በአውድማ አይጣል። በጭድ መካከል የቀረውን ከብት ይውጠዋል፥ በሆዱም ተቋጥሮ ይገድለዋል። በእሳት ማቃጠሉም ጢሱ መርዝ ስለ ሆነ የተከለከለ ይሁን።

6ኛ. ሸራው ራሱ እህሉን እንዳይጎዳ

ዝናብን የሚከለክል ሸራ የእህሉንም እርጥበት ይዞ ያስቀራል። ያልደረቀ ነዶ በላስቲክ ታፍኖ ቢቆይ ያለ ዝናብም ይሞቃል፥ ይሻግታል። በሻገተ በቆሎና ማሽላ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል፤ ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና የካንሰር ምክንያት የሚሆን ነው፥ በመቀቀልና በመጋገርም ተሟልቶ አይጠፋም። ስለዚህ በሸራውና በክምሩ ራስ መካከል አየር የሚመላለስበት ክፍት ስፍራ ይተው፤ ሸራን መወጠር ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፥ የረገበ ሸራ በእህሉ ላይ ተኝቶ ያፍነዋልና። ፀሐይ በወጣ ጊዜ ጎኖቹ ይገለጡ፥ ማታ ይውረዱ።

የተወቃ እህል ጎተራ የሚገባው እርጥበቱ ከመቶው 13 እጅ ገደማ ሲሆን ነው። መለኪያ በሌለበት በጨው መፈተን ይቻላል። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው በቆሎ ወይም ስንዴ ይደረግበታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ፈጽሞ የደረቀ ጨው ተጨምሮ አንድ ደቂቃ አጥብቆ ይነቀነቃል፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከመቶው ከ15 እጅ ይበልጣልና፥ እህሉ ተመልሶ ይሰጣ።

7ኛ. የሹማምንትና የባለ እርሻዎች ተግባር

ይህ ሁሉ ትምህርት በወረቀት ከቀረ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ከዚህ የሚከተለው ሥርዓት በየወረዳው እንዲፈጸም እናሳስባለን።

በመስከረም በየቀበሌው ያለው ሸራ ይቈጠር፥ የተቀደደው ይጠገን፥ የጎደለውም ታውቆ ይጻፍ። በጥቅምት የውስጥ ጎማ ከየከተማው ጋራዥ ይሰብሰብ፥ ይቈረጥ፥ ይፈተን። ከአጨዳው በፊት በገበሬዎች ማሠልጠኛ ወይም በአንድ ሰፊ አውድማ የልማት ሠራተኛው ሸራ ተክሎ ያሳይ፤ የተተከለውም ሌሊት አድሮ ጧት ይታይ፥ የሸራ ትምህርት በቀን አይፈጸምምና። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ በደረሰበት ቀን ለየአውድማው ይነገር። ማስጠንቀቂያ በሹም ጠረጴዛ ላይ ካደረ እህሉ በማሳ ላይ እንደ ረጠበ ይቈጠራል።

ሸራ በሚታደልበት ጊዜ ተራው በዝምድናና በሀብት አይሁን። ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ጎተራውም፥ ጉልበቱም፥ የሚገዛበትም ገንዘብ አለው። አንዲት ክምር ብቻ ያላት ባልቴት ግን ያቺ ክምር ከረጠበች ሌላ የላትም። ስለዚህ ደካሞች፥ ረዳት የሌላቸውና እህላቸው አስቀድሞ የታጨደ በመጀመሪያ ይሰጣቸው። የማኅበር ሸራ በመዝገብ ወጥቶ በመዝገብ ይመለስ፤ የተቀበለውም ሰው አተካከሉን ማወቁ ሳይረጋገጥ አይስጥ። ባለ እርሻዎችም የቀን ሠራተኞቻቸውን አስተምረው፥ የተረፈ ሸራና አውታር ለጎረቤት ቢያውሱ፥ ጥቅሙ ለአገር ነው።

ከአውድማው ሲደርሱ ሥራውን ለመመርመር ረጅም ጊዜ አያስፈልግም። አውታሩን በጣት ነክቶ መጠበቁን፥ ጎማው ለመርዘም ትርፍ ያለው መሆኑን፥ መጠባበቂያው ገመድ መኖሩን፥ በሸራው ላይ ውሃ የሚያቁር ስፍራ አለመኖሩን፥ በክምሩ ራስና በሸራው መካከል እጅ የሚገባ መሆኑን መመልከት ይበቃል። እነዚህ አምስቱ ከተሟሉ እህሉ ያድራል። አንዱ ከጎደለ ሳይመሽ ይታረም።